ተባዩን ልማር ወይስ ጂኑን?

ጥያቄሽ ደርሶኛል። የእፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ልትጨርሺ ነው። ሰብሎች በዘረመላቸው ተባይን እንዴት እንደሚቋቋሙ ከተማርሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። ለማስተርስ ግን ነፍሳትን ላጥና ወይስ ዘረመልና ዝርያ ማሻሻልን ብለሽ ተቸግረሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ ከነፍሳት ጋር መታገሉ ይቅርብሽ፣ ኮምፒውተር ላይ መረጃ መተንተን ይሻልሻል ይሉሻል።

የእኔ ሐሳብ፣ ዲግሪው የዘረመል ይሁን፤ ነፍሳቱን ግን በገዛ እጅሽ አርቢ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም አይአር 26 የተባለ ዝርያ አወጣ። የሩዝን ጭማቂ የሚመጥጥ ቡናማ ተባይ አለ፤ ይህ ዝርያ እሱን የሚቋቋም ቢፒኤች 1 የሚባል ጂን ነበረው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተባዩ ዝርያውን ለመደው። በ1976 ሌላ ጂን የያዘው አይአር 36 መጣ። ልብ በይ፣ አይአር 26 ጂኑን አልጣለም። የተለወጠው ተባዩ ነው። ሩዙን ብቻ ያጠና ሰው ይህን ከየት ያየዋል?

ሌላም አለ። አንድ ተክል ላይ ጥቂት ተባይ አገኘሽ እንበል። ፀጉሩ ወይም ሽታው አባርሯቸው ነው? ወይስ በልተውት አላሳድግ ብሏቸው፣ ገድሏቸውም ይሆን? ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ተባዩ ሞልቶበት ምርቱ ብዙም የማይቀንስ። የነፍሳት ተመራማሪው ሬጂናልድ ፔይንተር በ1951 እነዚህን ሦስቱን ለይቶ አስቀምጧል፤ ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው። ለመለየት አንዳንዴ ነፍሳቱን ከብዙ ዝርያ እንዲመርጡ ትለቂያቸዋለሽ፣ አንዳንዴ አንድ ዝርያ ላይ ብቻ ትዘጊባቸዋለሽ። ይህን ሳትለዪ ጂን ፍለጋ ብትገቢ፣ ያገኘሽው ጂን ምን እንደሚሠራ አታውቂም።

በ1972 ደግሞ ግሪንና ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥንዚዛ የበላው የድንችና የቲማቲም ቅጠል ምን እንደሚያደርግ አሳዩ። ተክሉ የነፍሳትን የምግብ መፍጨት የሚያውክ ፕሮቲን ያመርታል። የሚገርመው ያልተነኩት ቅጠሎችም ያመርታሉ። ስለዚህ ለማነጻጸሪያ ብለሽ ጤነኛ ቅጠል ከዚያው ተክል ብትቆርጪ ተሸወድሽ። እንዲህ ያለውን ስህተት የትኛውም ሶፍትዌር አያርምልሽም።

ለሥራም ቢሆን ያው ነው። ዲኤንኤ ማንበብ ከበፊቱ በጣም ረክሷል። የሚከብደው የትኛው ተክል ምን ያህል እንደተቋቋመ በትክክል መለካቱ ነው። ዘር አምራች ድርጅትም ሆነ የምርምር ተቋም ብትሄጂ፣ ሁለቱንም የሚችል ሰው በቀላሉ አይገኝም። ስታትስቲክስና አር (R) የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም መማርሽ አይቀርም፤ እሱ አያስፈራሽ።

አማካሪ መምህር ስትመርጪ ሁለት ነገር ጠይቂ። ነፍሳቱን ራሳችሁ ታረባላችሁ? የምታረቡትስ ከየት የመጣ ነው፣ የትኛውን የመቋቋም ጂን ያሸንፋል? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ከማመልከትሽ በፊትም ለሁለት ወር ያህል ነፍሳት ማርቢያ ክፍል ውስጥ በነፃ አገልግዪ። እሑድም ይመገባሉ፣ በበዓልም ይቆጠራሉ። ከዚያ በኋላም ነገሩ ከማረከሽ ጻፊልኝ፤ የማመልከቻ ደብዳቤሽን አብረን እናየዋለን።