ጢስ ዓባይ ላይ ለመሮጥ የትኛው ዳር ይሻላል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ጥቅምት ላይ ከአሜሪካ ትመጪና የባለቤትሽ ቤተሰቦች ጋ ጢስ ዓባይ ትቆያለሽ። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ይጠብቅሻል። እስከዚያ ልምምድሽ እንዳይቋረጥ ወንዙን ይዘሽ የምትሮጪበት መንገድ ትፈልጊያለሽ፤ ፏፏቴውንም እያየሽ ቢሆን ደስ ይልሻል።

የእናቴ ዘመዶች እዚያው ናቸው። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፣ ለበዓል ስሄድ የሩጫ ጫማዬን ይዤ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት የሰላሙን ነገር ከፌስቡክ አትስሚ። ለአማቶችሽ ደውዪ። የባሕር ዳር ጢስ ዓባይ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰሞኑን እንዴት እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «አሁን አትምጪ» ካሉሽ አትከራከሪ።

ወደ ሩጫው ስንመጣ፣ ፏፏቴው የሚታይበት መንገድና ለሩጫ የሚመቸው መንገድ አንድ አይደሉም። ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ባንድ ጠዋት ልጨርስ ያለ ሰው ወይ ቁርጭምጭሚቱን ያጥፋል፣ ወይ ሲራመድ ይውላል።

ለየዕለቱ ልምምድ የሚሆንሽ ከፏፏቴው በላይ ያለው ዳር ነው። ከከተማዋ ወጥተሽ ጀልባ ወደሚሻገሩበት ቦታ የሚወስደውን መንገድ ያዢ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን ሜዳ ነው። ዓባይ እዚያ ጋ ሰፊና ዝም ያለ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደዚያ ሊያገሳ ነው ብለሽ አታምኚም። ከጀልባው ቦታ ወደ ላይ በእርሻ መሃል የሚሄዱ የእግር መንገዶች አሉ። በጥቅምት ዳጉሳውና ጤፉ ገና አልታጨደም፣ ስለዚህ መንገዱ ጠባብ ነው። ሰብል እንዳትረግጪ። ለምን እዚያው አትመላለሽም ብትዪኝ፣ እኔም የማደርገው እሱን ነው። ርቀት ሲያንስሽ ደግመሽ ዙሪ፤ ያንን ውሃ ደግሞ ማየት የሚሰለች አይደለም።

ፏፏቴውን የሚያሳየው ዙር ሌላ ነው። ከቲኬት ቢሮው አካባቢ ተነስቶ በድንጋያማ ቁልቁለት ወደ ድሮው ድልድይ ይወርዳል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ሰዉ የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። ዛሬም ሰውና አህያ ይመላለስበታል። ከኮቴና ከእግር ብዛት ድንጋዩ ልሙጥ ሆኗል፣ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ደግሞ በረዶ ነው። እዚያ ላይ አትሩጪ፣ ተራመጂ። ከድልድዩ ስር ያ ሁሉ ውሃ በጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ተጨንቆ ሲያልፍ ታያለሽ። ድልድዩን ስትሻገሪ ጎጃምን ትተሽ ጎንደር ገባሽ ማለት ነው። ከዚያ ዳገት አለ፤ አጭር ነው፣ ግን ጭን ያቃጥላል። ለታላቁ ሩጫ ዳገቶች ከፈለግሽ ይሄንን በሳምንት አንዴ ብትወጪው ይበቃሻል። መንደሯን አልፈሽ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ትወጫለሽ። ቀጥሎ የአላታን ወንዝ የምትሻገሪበት ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። ሰው ከፊትሽ ካለ ቆይተሽ ተሻገሪ፤ ሲሮጡበት ይወዛወዛል፣ ሌላውም ይፈራል። መጨረሻ ላይ ከፏፏቴው በላይ ወጥተሽ በጀልባ ወደ ከተማዋ ዳር ትመለሻለሽ። ሁሉም ተደማምሮ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ኪሎ ብለሽ እንደ ሜዳው ሰዓት እንዳትይዥለት። ውሃው ሲበዛ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል ከመነሳትሽ በፊት ጠይቂ። ካልሆነ በመጣሽበት መመለስ ነው።

የመጣሽበት ወር ጥሩ ነው። የድሮዋ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለውን ፏፏቴ አስታውሺ። ያንን የሚመስል ነገር የሚታየው ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አካባቢ ነው። በበጋ ውሃው ተርባይን ያዞራል። እዚያው አጠገብ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፣ የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ። በ2002 ደግሞ ጣና በለስ ተጨመረ፤ እሱ ውሃውን ገና ከሐይቁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳል። ስለዚህ መጋቢት ላይ የሚመጣ ጎብኚ ቀጭን ውሃ አይቶ «ይሄ ነው እንዴ?» ቢል አልፈርድበትም። አንቺ ስትመጪ ግን ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ፊትሽንም ያረጥበዋል። የእሱ ጣጣ ጭቃው ነው። ጥቁሩ አፈር ጫማ ስር ተጣብቆ በየእርምጃው ይወፍራል። ጥርስ ያለው ሶል ያለው ጫማ አምጪ፤ የአስፋልት ጫማሽን ለአዲስ አበባ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ሰዉ። ጢስ ዓባይ ቱሪስት የለመደ ቦታ ነው። ከከተማዋ ትንሽ ራቅ ስትዪ ግን የምትሮጥ ሴት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መርዶ ነው። እናቶች ቆመው «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» ይሉሻል። ከልባቸው ነው። ቆም በዪና «ኧረ ደህና ነኝ እማማ፣ ስፖርት ነው» በያቸው። በሁለተኛው ቀን ወሬው ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ «በርቺ!» እያሉ ነው የሚያሳልፉሽ። ሽማግሌ ስታገኚ ፍጥነትሽን ቀንሰሽ ጎንበስ ብለሽ ሰላም በዪ። እየሮጡ ሰላምታ እዚያ አገር ሰላምታ አይባልም። ልጆች ይከተሉሻል። ባዶ እግራቸውን ዳገቱ ላይ ጥለውሽ ቢሄዱ ቅር አይበልሽ፣ ሁላችንም ደርሶብናል።

ልብስ ላይ ረዘም ያለ ቲሸርትና ከጉልበት በታች የሚወርድ ሱሪ በቂ ነው። ማንም አይከለክልሽም፤ ግን የአማቶችሽን ስም ይዘሽ ነው የምትሮጪው። ብቻሽንም አትውጪ። የባልሽ ታናሽ ወንድም ካለ እሱን፣ ከሌለ የሰፈር ወጣት ይዘሽ ውጪ። ዋናው ምክንያት ውሻ ነው። የገበሬ ውሻ ግቢውን ነው የሚጠብቀው፣ የሚሮጥ ነገር ደግሞ አይወድም። ሲመጣ መሮጥሽን አቁሚ፣ ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ የምታነሺ ምሰዪ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል። አብሮሽ ያለው ልጅ ዱላ ቢይዝ ደግሞ እሰየው።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው መሃል ይሁን። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ማታ አልመክርም፤ ቶሎ ይጨልማል፣ ትንኙም ይወጣል። አካባቢው ወባ አለበት፣ መድኃኒቱን ከመምጣትሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። ሌላው፣ ከሩጫ በኋላ እግርሽን ወንዙ ውስጥ መንከር ያምርሻል። ተይው። የጣና አካባቢ ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት። ቤት ገብተሽ በባልዲ ታጠቢ።

ረጅሙን ሩጫ በተመለከተ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መኪና መንገድ ማሰብሽ አይቀርም። እኔ አልወደውም። ወንዙ አይታይም፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ደግሞ አቧራ ትውጫለሽ። ከዚያ ይልቅ አንድ ቀን ባሕር ዳር ግቢና እዚያ እደሪ። ማለዳ ከሐይቁ ዳር ተነስተሽ ወደ ዓባይ ድልድይ ሩጪ። አዲሱ ድልድይ ግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመር አለው። ከሱ ላይ ወንዙ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ታያለሽ። ጉልበት ከተረፈሽ የቤዛዊት ኮረብታ እዚያው ነው።

ስለ ከፍታው ሰው ሁሉ ያስፈራራሻል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ጢስ ዓባይ ከሱም ዝቅ ይላል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ለምትመጪ ሰው ይሄ ለመልመጃ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወሬ እያወራሽ መሮጥ በምትችዪበት ፍጥነት ሩጪ፣ ሰዓትሽን አትዪው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ለመድኩ ብለሽ እዚያ እንዳትደነግጪ። ከቻልሽ ከውድድሩ ሳምንት ቀደም ብለሽ ግቢ። ዘመዶችሽ በመጀመሪያው ጠዋት እንጦጦ እንውጣ ቢሉሽ፣ ከሩጫው በኋላ በያቸው።