ኪሎው ያው ሆኖ ጡንቻ ሲያልቅ፦ ስለ እናቷ ለጠየቀችው እህት

እህቴ፣ «እናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያሳምም በሽታ) አለባት። ኪሎዋ አልቀነሰም፣ ግን ክንዷና ጭኗ ሳስቷል፤ ካልደገፍናት ከወንበር አትነሳም። ትረፍ ወይስ ትንቀሳቀስ?» ያልሽውን አነበብኩ። የኔው ታሪክ ነው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ሚዛን አትመኑ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። «ጉልበቴ አለቀ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ» ስል ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆመኝ። «ኪሎሽ ያው ነው፣ ምንም አልሆንሽም» አለና ቀና ብሎ ሳያየኝ ካርዴን ዘጋው። ልከራከር ስል «ውጪ ሰው እየጠበቀ ነው» ተባልኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል! የዚህ በሽታ ብግነት መገጣጠሚያ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ጡንቻም ይበላል። በቦታው ስብ ሲተካ ኪሎው እንዳለ ይቀራል። በኋላ ያገኘኋት የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪም እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ 5 ጊዜ ከወንበር እንድነሳና እንድቀመጥ አደረገችኝ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የጡንቻ ድካም ያስጠረጥራል። እናትሽንም ሞክሪያቸው፣ ግን አጠገባቸው ቁሚ። ጉልበታቸው ካበጠ ሕመሙም ሊያዘገያቸው ይችላል።

2. ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ እሱንም ጠርጥሪ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በተለይ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ያደክማል። የኔን ማንም ሳይከልሰው በየቀጠሮው ያድሱልኝ ነበር። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት ግን፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። «መቼ ነው የሚቀነሰው?» ብለሽ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቂ። ለኔ የተቀነሰው ሜቶትሬክሴት የሚባለው ሌላው የበሽታው መድኃኒቴ መጠን ተስተካክሎ ብግነቱ ሲረጋ ነው። (እሱ በሳምንት አንዴ ነው የሚወሰደው፣ በየቀኑ እንዳይሆን አደራ።)

3. ያበጠና የጋለ መገጣጠሚያ ይረፍ። አልጋ ላይ መዋል ግን የተረፈውን ጡንቻ ይጨርሰዋል። የኔ ዘመዶች «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ አለን» እያሉ ብርጭቆ እንኳ አያስነሱኝም ነበር። ከፍቅር ነው፣ ግን ጎዳኝ። ዌልስ ውስጥ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ24 ሳምንት ክብደት የማንሳት ስፖርት የሠሩ የዚህ በሽታ ታማሚዎች ጡንቻቸው ጨመረ፣ ስባቸው ቀነሰ፣ በሽታውም አልባሰባቸውም። እኔ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ጀመርኩ። ጣቶቼ አልጨብጥ ስላሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በጨርቅ ከረጢት አድርጋ አንጓዬ ላይ አንጠለጠለችልኝ። ዛሬ ዘንቢሌን ራሴ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ!

ምግቡንም አትርሺ። ያለ ፕሮቲን ስፖርቱ ብቻውን አይበቃም። በጾም ቀን ሽሮው ይብዛ፣ ምስር፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ ይጨመር። እኔ ለነፍስ አባቴ ሕመሜን ነግሬያቸው እንቁላልና ወተት ፈቅደውልኛል። እናትሽም የራሳቸውን ይጠይቁ።

ፕሬድኒሶሎኑን ስንት ሚሊግራም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱ እዚሁ ጻፊልኝ። ለቀጠሮው የሚጠየቀውን አብረን እናዘጋጃለን።