አሜሪካ ካናዳ ላይ የጣለችውን ቀረጥ የሚከፍለው ማን ነው?

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው «አሜሪካና ካናዳ ወዳጆች ሆነው ሳለ ትራምፕ ቀረጥ ሲጥል ገንዘቡን የምትከፍለው ካናዳ ናት ወይ? ወዳጅነታቸውስ?» ብለህ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ቀረጥ የነካው ዕቃ በየቀኑ በእጄ ስለሚያልፍ ከዚያው ተነስቼ ልመልስልህ።

ካናዳ አትከፍልም። ቀረጥ የሚከፍለው ዕቃውን የሚያስገባው ነጋዴ ነው፤ የሚከፍለውም ለገዛ አገሩ መንግሥት ነው። እኛም ጋ እንደዚያው ነው። የቻይና ፋብሪካ ለኛ ጉምሩክ አንድ ሳንቲም አይልክም። ጉምሩክ 100 ብር ብሎ የተመነውን ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 20 በመቶ ከሆነ 120 ሆነ። በ120ው ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል፣ 138። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር ያለበት ዕቃ ከሆነ ደግሞ በ138ቱ ላይ 10 በመቶ፣ 151 ብር ከ80። ታክሱ በታክስ ላይ ነው የሚቆለለው። ከዚያ የመርካቶ አከፋፋይ ትርፉን ይይዛል፣ አይሱዙው አባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል፣ ከዚያ እኔ ጋ ይደርሳል። ቀረጡ ትንሽ ከፍ ሲል መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ጋ የሚደርሰው ለምን እንደሚገዝፍ ከዚህ ይገባሃል።

ግን ሁሉም ገዢው ላይ አይወድቅም። ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት መስኮት ተዋዋልኩ። ባለቤቱ የቆየ ደንበኛዬ ነው፣ ዘመድም እንባባላለን። ቅድመ ክፍያ ተቀበልኩ፣ ፕሮፋይሉን፣ ማለት ፍሬም የሚሆነውን አሉሚኒየም፣ ግን ገና አልገዛሁም ነበር። ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው የብር ዋጋ ላይ ስለሆነ መቶኛው ሳይነካ የሚከፈለው ብርም አብሮ ይወጣል። መርካቶ ስደውል «ዛሬ ዋጋ የለም፣ ነገ ደውል» አሉኝ። በማግስቱም ያው። ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ፣ ግን የነገውን ዋጋ ስለማያውቁ የሚሸጥልህ የለም። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ጭማሪውን ለሁለት ተካፈልን። እሱ ግማሹን ጨመረ፣ እኔ ግማሹን ዋጥኩ። ያን ወር የሠራተኞቼን ደመወዝ የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

አሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። በአሉሚኒየምና በብረት ላይ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2025 25 በመቶ ተጣለ፣ ጁን 4 ላይ 50 ሆነ። አሜሪካ ከውጭ ከምታስገባው አሉሚኒየም ትልቁ ድርሻ የካናዳ ነው። አሉሚኒየም ማቅለጥ መብራት ይበላል፤ የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኩቤክ ደግሞ ከወንዝ የሚመነጭ ርካሽ መብራት አላት። አሜሪካ «ራሴ አመርታለሁ» ብትል ማቅለጫው በአንድ ክረምት ተሠርቶ አያልቅም፣ ዓመታት ይፈልጋል። እስከዚያ የጣሳውም የመኪናውም ፋብሪካ በውድ ይገዛል፣ ወይ ከትርፉ ይቀንሳል፣ ወይ ደንበኛው ላይ ይጨምራል። የካናዳውም ሻጭ ገበያው እንዳያመልጠው ዋጋ ይቀንሳል፣ ካልሆነም ወደ አውሮፓ ይልካል። ጉዳቱ ሁለቱም ጋ አለ።

መኪና ላይ የባሰ ነው። የካናዳዋ ዊንዘርና የአሜሪካዋ ዲትሮይት ፋብሪካዎች በድልድይ ነው የሚገናኙት፤ አንድ መለዋወጫ መኪናው ላይ እስኪገጠም ድንበሩን ደጋግሞ ይሻገራል። የኔ መስኮት ፍሬሙ ማርቆስ ተቆርጦ፣ ለቀለም አዲስ አበባ ሄዶ፣ ለመስታወት ተመልሶ ቢመጣና ደጀን ላይ ኬላ ቁሞ በየመሻገሪያው ቢያስከፍለኝ እንደማለት ነው። ማን ይገዛኛል?

ማዳበሪያውን ደግሞ እኛ ጎጃሞች እናውቀዋለን። የአሜሪካ ገበሬ ፖታሽ የሚባለውን ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚያገኘው ከካናዳ ነው። መጀመሪያ 25 በመቶ አርፎበት ነበር፣ በቀናት ውስጥ ወደ 10 አወረዱት። የዘር ወቅት ደርሶ ማዳበሪያ ሲወደድ ገበሬ ምን እንደሚሆን ለዚህ ሰፈር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ለኔ ከመቶኛው በላይ የሚያስፈራኝ መለዋወጡ ነው። በዚያው በ2025 ማርች 4 ላይ ከካናዳ በሚገባ በአብዛኛው ዕቃ ላይ 25 በመቶ ተጣለ፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ከሜክሲኮ ጋር በሦስት የተፈራረሙትን የንግድ ስምምነት የሚያሟላው ዕቃ ነፃ ተባለ፤ ኦገስት 1 ላይ ስምምነቱን የማያሟላው 35 ገባ። ይህ ባለበት ማን ነው የዓመት ዕቃ የሚያዝ? ማን ነው ማሽን የሚገዛ? እኔ አሁን ፕሮፎርማዬ ላይ «ዋጋው ለ3 ቀን ብቻ ይጸናል» ብዬ እጽፋለሁ። ፋብሪካ ግን በ3 ቀን ዕቅድ አይሠራም።

ወዳጅነቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ካናዳ አጸፋ ቀረጥ ጥላ ነበር፣ ኦንታሪዮ የምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገርም የአሜሪካን መጠጥ ከመደርደሪያ አውርዳ ነበር። ቀረጥ ነገ ሊነሳ ይችላል። ያ ደንበኛዬ ግን ከኔ ጋር በሰላም ነው የተለያየው፣ ሂሳባችንም ንጹሕ ነው፣ ለቅሶም ሠርግም እንገናኛለን። ዘንድሮ ሁለተኛ ቤቱን ሲሠራ መስኮቱን ሌላ ሰው ጋ አሠራ። ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ ከኔ የረከሰ አልነበረም።