ዳገት ላይ የሚጫን ደረት ጨጓራ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከሀዋሳ ነው የምጽፍልህ። አባቴ 58 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ ድሮ ታቦር ተራራን እየሮጠ የሚወጣ ሰውዬ አሁን ግማሽ ሳይደርስ ደረቴን ተጫነኝ ብሎ ይቆማል፣ አረፍ ሲል ይለቀዋል። ጨጓራ ነው ተብሎ ኦሜፕራዞል እየወሰደ ነው፣ ኢሲጂም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነስቶ ኖርማል ነው አሉት። ልብ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊሆን ይችላል፣ እኔ እንደውም ከጨጓራው በፊት ልቡን ነው የምጠረጥረው። ጨጓራ ብዙ ጊዜ ከምግብ ጋር ነው የሚያያዘው፣ ዳገት ሲወጡ መጥቶ ሲቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ፣ አንዳንዴም ወደ ግራ እጅ ወይ መንጋጋ የሚሄድ ህመም ግን የልብ ደም ስር ሲጠብ የሚመጣው ዓይነት ነው፣ ልብ ሥራ ሲበዛበት ብዙ ደም ይፈልጋላ፣ የጠበበው ቱቦ ደግሞ አያደርስለትም። ኢሲጂው አያታልላችሁ፣ ተኝቶ፣ ህመም ሳይኖረው የተነሳ ስለሆነ ኖርማል ቢወጣም አይገርምም። የልብ ሐኪም ይየው፤ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ የሚነሳ ኢሲጂ ወይም የደም ስሩን የሚያሳይ ሲቲ ሊያዝለት ይችላል፣ ግፊትና ኮሌስትሮሉም ይታይ።

እስከዛ ታቦር ይቅርበት!

ቁጭ ባለበት ከመጣበት፣ 15 ደቂቃ አልፎት ካልለቀቀው፣ ላብ ካጠመቀው ወይ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እዛ ትሮፖኒን የሚባል፣ ልብ መጎዳቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይሠራለታል፣ የመጀመሪያው ምንም ባያሳይም ከሰዓታት በኋላ ይደገማል፣ ስለዚህ ቸኩላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅም ውሰዱት፣ እሱ ራሱ ግን እንዳይነዳ።