መልስ፦ የቤት ለቤት ድጋፋችን መሥራቱን በምን እንወቅ?

ሰላም እህቴ። «ጅማ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄድን ወላጆችን እንደግፋለን፤ ለውጥ ማምጣቱን በምን እንለካ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ሂርማታ አካባቢ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ።

የጉብኝቱ ብዛት አያታልልሽ። የእኛ መዝገብ ሞልቶ ነበር። አንድ ቀን ቤት ለቤት ከምትሄደው ሠራተኛችን ጋር አንድ ቤት አብሬ ገባሁ። እናትየዋ ቡና ታፈላለች፣ ሠራተኛዋ ቅጽ ትሞላለች። ልጁ ጥግ ላይ ቆርኪ ያንከባልላል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ቅጹ ግን «ጨዋታ ተከናውኗል» ይላል። በጣም አዘንኩ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከእያንዳንዷ ሠራተኛ ጋር አንድ ቤት እንገባ ጀመር። የምናየው እናትየዋ ራሷ ከልጇ ጋር መጫወቷን ነው።

መነሻ መረጃ፣ ማለትም ከሥራው በፊት ልጆቹና ወላጆቹ የነበሩበትን ሁኔታ፣ ሳትይዙ አትጀምሩ፤ ኋላ ማወዳደሪያ ታጣላችሁ። ከተቻለም ካልተጎበኙ ልጆች ጋር አወዳድሩ። ጃማይካ ኪንግስተን ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ጥናት ከ129 የቀነጨሩ ልጆች ለከፊሎቹ ብቻ ለ2 ዓመት በየሳምንቱ የጨዋታ ጉብኝት ተደረገ። ከ20 ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ለማወዳደሪያ ያልተጎበኙ ልጆች ባይኖሩ ይህ አይታወቅም ነበር።

ጥያቄዎቹን በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁ። ደግሞ ያቋረጡትን ቤተሰቦች ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ሳይደብቁ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።