መልስ፦ የአልጋ እግሩ ላይ መስመር ለምን ይቀራል?

ወንድሜ፣ እንጨቱን እያሽከረከረ በሚቀርጸው ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) የዋንዛ አልጋ እግር ስትቀርጽ ዳር እስከ ዳር መስመር ይቀራል፣ አንዱ ጎን ደግሞ ፀጉር (ቀጫጭን የእንጨት ክር) ያወጣል ብለሃል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

መጀመሪያ መስመሩ። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ እንጨቱን የሚያሽከረክረው ማዞሪያ ላልቷል ማለት ነው። ቢቱን (የሚቆርጠውን ስለት) አቁም፣ ማዞሪያውን የሚይዙት ሞተሮች ግን እንደበሩ ይሁኑ። እንጨቱን በእጅህ ወዲያ ወዲህ ጠምዘዝ አድርገው። ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ችግሩ እሱ ነው። "ምን አላት?" እንዳትል፤ 80 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው እንጨት ላይ የ0.2 ዲግሪ መላላት ዳሩ ላይ 0.14 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጥፍርህ ይይዘዋል። የማዞሪያውን ቀበቶ አጥብቅ፣ የጅራቱንም መደገፊያ (የእንጨቱን ሌላ ጫፍ የሚይዘውን) እይ። እኔ ሁለት ቀን ፕሮግራሙን ስነካካ ከርሜ፣ ለካ የላላው አንድ ብሎን ነበር!

መስመሩ በእኩል ርቀት ዙሪያውን ከተደረደረ ግን የቢቱ እርምጃ (ከአንዱ ቅርጽ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ሰፍቷል። ጫፉ ክብ በሆነ ባለ 6 ሚሊሜትር ቢት በ1.5 ሚሊሜትር እርምጃ ስትሄድ 0.09 ሚሊሜትር ገደማ ጉብታ ይተዋል። እርምጃውን በግማሽ ብትቀንሰው ጉብታው ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰዓቱ ግን እጥፍ ነው፤ መብራት እንዳይሄድብህ ጸልይ።

ፀጉሩ ከደነዘዘ ቢት ወይም ከእርጥብ እንጨት ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ብርዱን ታውቀዋለህ፣ በክረምት የተገዛ ጣውላ ቶሎ አይደርቅም። አዲስ ቢት አስገባ፣ የመጨረሻውን ዙር በእንጨቱ ርዝመት አስኪደው። የቀረውን ብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል።