ያመናችሁትን ከየት እንዳገኛችሁት ጠይቁ

ውድ ወጣቶች፣

አቃቂ ዳርቻ እየኖርኩ በውኃ ምርመራ ሙያ ያረጀሁ ሰው ስሆን፣ ዛሬ የምመክራችሁ ከሥራዬ ጋር በእጅጉ ስለሚስማማ አንድ የጥንት ሕንዶች ትምህርት ነው። ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችሁ የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ ይታያችኋል፤ የጥንቱ ሕንዳዊ ሊቅ የፓታንጃሊ መጽሐፍ «ዮጋ ሱትራ» ግን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰው አንድን ነገር እንዴት እንደሚያውቅና እንዴት እንደሚሳሳት ይመረምራል። ሃይማኖታችሁን እንድትነኩ አልጠይቅም፤ የመመርመሪያ መንገዱን ብቻ ውሰዱ።

ትክክለኛ ዕውቀት በ3 መንገድ ይገኛል ይላል፦ በቀጥታ በማየት፣ ካዩት ተነሥቶ በማመዛዘን፣ ከታመነ ምንጭ በመስማት። ችግሩ ሦስቱ በልባችን ተደባልቀው መቀመጣቸው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ወጣት ከግቢያቸው ጉድጓድ የቀዳውን ውኃ በሃይላንድ ይዞልኝ መጣና ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ጥርት እንዳለ ይመልከቱ፤ ደግሞ አፍልተን ነው የምንጠጣው» አለኝ። ዓይኑ አልዋሸውም። ነገር ግን ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሠርግ ናይትሬት የሚባል፣ ሲበዛ ጤናን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ቀለምም ሽታም የለውም፤ ማፍላትም ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወግድም፣ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ክምችቱን ይጨምረዋል። ወጣቱ ያየው ጥራቱን ነው፤ «ስለዚህ አይጎዳም» ያለው ግን ማመዛዘኑ ነበር። ማፍላት ለሁሉ ይበቃል የሚለውን ደግሞ ከጎረቤት ሰምቷል። ሱትራውን ያብራራው ቪያሳ፣ ተናጋሪው ራሱ ያላየውንና ያላመዛዘነውን ከነገረን ወሬው እንደማይጸና ጽፏል፤ ጎረቤትየውም ከሌላ ጎረቤት የሰማ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የራስ ፍላጎት ነው። ትምህርቱ አእምሮን ከሚያውኩት 5 ነገሮች መካከል መውደድንና መጥላትን ይቆጥራል፤ ቤተሰቡ ለቁፋሮው ብዙ ገንዘብ ስላወጣ ውኃው ንጹሕ እንዲሆን አጥብቆ ይሻ ነበር። እናንተም ስለ አንድ ሰው ክፉ ወሬ ስትሰሙ ቶሎ ደስ ካላችሁ፣ በዚያው ቅጽበት ጥርጣሬያችሁን አጠንክሩ።

ትዝታንም ፓታንጃሊ ለብቻው ቆጥሮታል እንጂ ከ3ቱ የዕውቀት መንገዶች ጋር አልደመረውም። በእኛም ቤተ ሙከራ ናሙናው የተቀዳበት ቦታና ሰዓት በጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ፣ ያመጣው ሰው «በደንብ አስታውሳለሁ» ቢልም አንቀበለውም ነበር። ስለዚህ ከባድ ውሳኔ የምታሳርፉበትን ነገር ከማንና መቼ እንደ ሰማችሁት፣ ነጋሪው ራሱ አይቶት እንደ ሆነም ጭምር፣ በዚያው ቀን በማስታወሻ ደብተራችሁ አስፍሩት።